ሽማግሌ ያላስቀመጠ ሶፋ

ቤታችን ውስጥ ራቁቱን የቆመ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው፣ ፍሪጁ ልብስ አለው፣ ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል እንኳ ወገቡ ላይ ጠበቅ፣ ታች ሰፋ ያለ፣ ጫፉ የተዘመዘመ ቀሚስ ለብሶ ጓዳ ቆሟል። የሪሞቱን ኪስና የጃንጥላውን ከረጢት ሳልቆጥር ነው። ይህን ሁሉ ያለበስኩት እኔ ነኝ። እኅቴን ጠርጥራችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ እሷ የሸሚዟ ቁልፍ ሲወልቅ ወደ እኔ ነው የምታመጣው።

ሥራዬ ግን ስፌት አይደለም። ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አለኝ፤ ጠዋት ሪፖርት አዘጋጃለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጠዋት ያዘጋጀሁትን አስተካክላለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም። የባልደረቦቼ ጠረጴዛ ሁሉ የእኔን ጥልፍ ለብሷል፣ አሁን ደግሞ ይህን ታሪክ ቢሰሙ መግቢያ አጣለሁ።

እናታችን ስታርፍ ሁለት ነገር ትታልኝ ሄደች፤ ታናሽ እኅቴን እመቤትንና በእግር የምትነዳ የስፌት መኪናዋን። የሁለቱንም አያያዝ አላውቅበትም ነበር። መኪናዋ ላይ መጀመሪያ የተቀመጥኩት የእመቤት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ክርኑ ላይ ተቀዶ ነው። እንደ ምንም ሰፋሁት። በማግስቱ ለብሳው ሄደች፤ እጅጌው ወደ ኋላ ዞሮ ስለተሰፋ ቀኑን ሙሉ አንድ እጇን እንዳነሳች እንደዋለች ነገረችኝ። መምህሩ ጥያቄ ሁሉ ለእሷ ሰጣት። በዚህ ሁኔታ ጎበዝ ተማሪ ሆነች፣ ኋላም ራሷ አስተማሪ ሆነች፤ እኔም ከመኪናዋ ሳልነሳ ቀረሁ። ቆየት ብዬ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጥልፍ መኪና ገዛሁ። ያን ጊዜ ነው የቤቱ ዕቃ ሁሉ መልበስ የጀመረው።

አፕሊኬ የሚሉት ነገር አለ። ጨርቅ በቅርጽ ቆርጦ ሌላ ጨርቅ ላይ መለጠፍና ዙሪያውን በጥልፍ መያዝ ነው። እናቶቻችንም እራፊ ይጥፉልን ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ የተቀደደውን ይጥፉ ነበር፣ እኔ ምንም ያልሆነውን እጥፋለሁ። የመጀመሪያው ሥራዬ ለቴሌቪዥኑ የሠራኋት ነጭ ርግብ ናት። ጎረቤታችን እማማ ዘርፌ ገብተው አዩዋትና «ዶሮዋ ስታምር» አሉ። አመሰገንኳቸው። ሰው አይቶ የተደሰተበትን ነገር አይደለም ማለት አይሆንልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥናችን ላይ ያለችው ዶሮ ናት። ይህን ጠባዬን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

አንድ ምሽት ራት ላይ እመቤት ሳህኑን እያየች «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አለች።

«ቁልፍ ወለቀ?»

«አይደለም። ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ከሞጣ።»

ልጁን ስሙን አውቀዋለሁ፤ አንተነህ ይባላል፣ ሞጣ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። እሷ ስልኩን አንስታ ወደ ጓሮ የምትሄድለት ሰው እሱ መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ የማላውቅ መስዬ ነበር የኖርኩት። ደስ አለኝ። ከደስታው ጋር ደግሞ ይህ ቤት ያለ እሷ ታየኝ። ሁለቱንም አልነገርኳትም።

«ትወጂዋለሽ?» አልኳት።

«ባልወደው በዚያ መንገድ ሞጣ ድረስ እመላለሳለሁ?» አለች። መንገዱን ለምታውቁት በቂ መልስ ነው።

ከዚያ የማደርገው ሲጠፋኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ሜትሬን አወጣሁና ሶፋውን መለካት ጀመርኩ። እመቤት «ሶፋውን ተወው፣ እንዳለ ይሁን» አለች። እኔ ግን ከሞጣ የሚመጡ ሽማግሌዎች ያለ ጥልፍ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እኅቴን እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ልብ አልነበረኝም። በልቤ ንድፉ አልቋል፤ የሱፍ አበባ። ትልልቅ የሱፍ አበቦች፣ ለትልቁ ሶፋ፣ ለነጠላዎቹ፣ ለመከዳዎቹ፣ ለበርጩማዎቹም ጭምር።

ለአበባው ዙሪያ ቢጫ ጨርቅ ከአሮጌው መጋረጃ ተገኘ። ለመሃሉ ቡናማ ያስፈልግ ነበር፤ ወገቡ አልዘጋ ያለኝን ሱሪዬን ሠዋሁት። ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት ሁለት ቅጠሎች አረንጓዴ መሆን ነበረባቸው፤ ገበያውን ዞሬ የፈለግሁትን አረንጓዴ አጣሁ። ከእናቴ ነጠላ የተረፈ ነጭ እራፊ ነበረኝ። ቅጠል ነጭ አይሆንም ያለ የለም ብዬ እሱን ቆረጥኩ።

የቢሮ ሰው ስለሆንኩ የምሠራው በዙር ነው። አንዱን አበባ ከጀመርኩ እስክጨርሰው አልቆይም፤ መጀመሪያ የሁሉንም ቢጫ፣ ቀጥሎ የሁሉንም ቡናማ፣ ቀጥሎ የሁሉንም ነጭ። ክር ቶሎ ቶሎ መቀየር አልወድም። የመጨረሻው ዙር ፍሬው ነበር። የሱፍ አበባ መሃሉ ጢም ብሎ በፍሬ የተሞላ ነው፤ እኔም ቡናማውን ሁሉ በጥቁር ነጠብጣብ ልሞላው ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተቀመጥኩና በየአበባው ላይኛው በኩል ሁለት ሁለት ፍሬ፣ ከሥራቸው ደግሞ ረድፉ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ አንዲት ጎበጥ ያለች መስመር ጠለፍኩ። ይህን በሁሉም ላይ ጨርሼ ወደ ሦስተኛው ፍሬ ልሻገር ስል መብራት ሄደ።

መብራት የሚመለስበትን ቀን አይናገርም። በአሮጌዋ የእግር መኪና እንዳልጨርሰው ደግሞ እሷ ለጥልፍ አትታዘዝም፤ በእጄ ልጥለፈው ብል ያን ሁሉ ፍሬ በሻማ ለነገ አላደርስም። ጠበቅሁ። በመጨረሻ ሁሉንም አለበስኩና ራቅ ብዬ አየሁ። ለእኔ አበባ ነው፤ ያላለቀ አበባ፣ ግን አበባ።

እመቤት ገብታ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ ወደ ግራም አዘነበለች። «ጋሼ፣ ያዩኛል» አለች።

«ምኖቹ?»

«አበቦቹ።»

«ፍሬያቸው ስላልሞላ ነው» አልኳት። «ሲሞላ ይተዋል።»

«የድሮውን ልብስ መልስለት ለነገ።»

የድሮው ልብስ ከመሃሉ ተቆርጦ ለአዲሱ ገበር ሆኗል። ይህን ስነግራት ጓዳ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎታችን አያ አላምረው ከገጠር መጡ። የአባታችን ወንድም ናቸው፤ መልስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ክብራቸውን ደግሞ ከጉልበታቸው የበለጠ ያማቸዋል። እንግዳ ሳይቀመጥ አልቀመጥም ብለው በሩ አጠገብ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ሶፋውን «ቢጫ አደረግኸው» ብለው አለፉት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ዝምተኞች፣ ሦስተኛው መሪጌታ ጥበቡ። መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደመና ሲያይ እንኳ ዝም ብሎ ደመና ነው ብሎ አያልፍም፣ ምን ለማለት ነው ይላል። ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ገቡ፣ ለቤቱ ሰላምታ አቀረቡ፣ አያ አላምረውም «አረፍ በሉ» አሉ። መሪጌታ ወደ ሶፋው ዞሩ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ሊቀመጡ ዝቅ አሉ፤ ወገባቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ቀስ ብለው ተመልሰው ቀጥ አሉና አማተቡ።

«እንቆማለን» አሉ።

ሁለቱም ሽማግሌዎች አዩ፣ አማተቡ፣ ቆሙ።

በእኛ አገር ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም ማለቱ የተለመደ ነው። ባለቤቱ ይለምናል፣ ሽማግሌው እንቢ ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ ይለምናል፣ ከዚያ ሁሉም ደክሞት ይቀመጣል። አያ አላምረውም ይህ መሰላቸው።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ቤታችሁ ነው።»

«ቁመን ይሻለናል።»

«ቁሞ የሚነገር ነገር የለም። አረፍ በሉ።»

«አይሆንም፣ አያ። በዚህ ላይስ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አያ አላምረው «በዚህ ላይ» የሚለውን አልወደዱትም። ነጠላውን ሶፋ በከዘራ አመለከቱ፤ እሱም ሁለት ጥቁር ነጥብ ይዞ ወደ ላይ ያያል። በርጩማዎቹን አመለከቱ፤ እነሱም ያያሉ። ቤታችን ውስጥ የማያይ መቀመጫ አልነበረም። ጓዳ ካለችው እመቤት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ «ለምንድነው የማይቀመጡት?» ይላል። «ልማድ ነው» ብዬ መለስኩላት።

ይሄኔ መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ መላእክቱን ማን ሠራቸው?»

በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ፊትና ክንፍ ብቻ ሆነው የሚሣሉትን መላእክት አይታችኋል። እኔም ያን ጊዜ ሶፋዬን በመሪጌታ ዓይን አየሁት። ጠይም ክብ ፊት፣ ዙሪያውን ቢጫ ጮራ፣ ግራና ቀኝ ነጭ ክንፍ፣ ሁለት ጥቁር ዓይን፣ ከሥር ፈገግ ያለ አፍ። ከጠበቅሁት በላይ ያማረ ሥራ ነበር። የሱሪዬ እራፊ በረድፍ ተደርድሮ ያየናል።

አበባ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። መሪጌታ ግን ቀደሙኝ፤ ጎንበስ አሉና የሶፋውን መደገፊያ በግንባራቸው ነክተው ተሳለሙ። ሁለቱም ሽማግሌዎች ተራቸውን ጠብቀው ተሳለሙ። አሁን ፍረዱኝ። በነጭ ጥምጥም የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች፣ እኅቴን ሊጠይቁ ከሞጣ ድረስ አቧራ ጠጥተው የመጡ፣ የተሳለማችሁት የሱፍ አበባ ነው እንዴት ይባላሉ?

«እኔ ነኝ የሠራኋቸው» አልኩ። ርግቧን ዶሮ ሲሏት ያመሰገነ ሰው ከዚህ የተለየ ምን ሊል ይችላል።

አያ አላምረው ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ሶፋውንም ጭምር ነው እንዴ የሚጠይቁት?» አሉኝ።

መሪጌታ መደገፊያውን ትክ ብለው አዩ። ሲያስቡ ግንባራቸው ላይ ያለው መስመር ይበዛል። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ፤ ምሥጢር የተገለጠለት ሰው ፊት ነበር። «ገብቶናል» አሉ። «መቀመጫውን ሁሉ ለመላእክት የሰጠ ቤት ልጁንም ለእግዚአብሔር ሰጥቷል ማለት ነው። ልጅቱ ለምንኩስና ታስባለች። በአፋችሁ እንቢ ብላችሁ ከምታሳፍሩን እንዲህ አድርጋችሁ መንገራችሁ ጨዋነት ነው። እኛም በጨዋነት እንሄዳለን።»

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። «ምን አሉ?» ይላል፤ ቀጥሎ ሌላ መጣ፤ «ጋሼ ምን አሉ?»

አያ አላምረው ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰሙት «እንሄዳለን» የሚለውን ነው። ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። «ቤቴ ገብቶ ያልተቀመጠ ሰው፣ ቢሄድም አልይዘውም» አሉ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሡ፤ ለእኛም ለሶፋውም። የታሰበላቸው ወጥ ምድጃ ላይ እንዳለ፣ ጠላው ሳይቀዳ፣ ወጥተው ሄዱ። የመኪናቸው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆምን። አያ አላምረው በመጨረሻ ተቀመጡ፣ ትልቁ መልአክ ላይ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

እመቤት ከጓዳ ወጣች። የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ መሪጌታ እንዴት እንደተሳለሙ ደግሜ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት፣ ደግማ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠና «ጋሼ፣ መነኩሴ አደረግኸኝ» አለች፤ ነጠላው ሶፋ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ስታለቅስ ማየት አልችልም። በልጅነቷ ስታለቅስ ከረሜላ እሰጣት ነበር፤ አሁን የምሰጣት አልነበረኝም።

አንተነህ ደወለ። እሱ ነገሩን ሲሰማ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ አሉ፤ ግን መሪጌታ የእናቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ የተሳለሙት አበባ ነው ብሎ ሊነግራቸው አይደፍርም። ሌላ ሽማግሌ ይላካል ቢባል መሪጌታ መነኩሴ ናት ካሉ በኋላ በሞጣ የሚሄድ ሰው አይገኝም። አያ አላምረው በበኩላቸው ደግሞ ካልተቀመጡ ሰዎች ጋር ሁለተኛ ቃል አልነጋገርም ብለው ወደ ገጠራቸው ተመለሱ። ልጁ ሞጣ፣ ልጅቷ ቢቸና፣ መሃላቸው የእኔ ጥልፍ። ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ራሴ መሄድ አለብኝ የሚል ሆነ።

የትልቁን ሶፋ መደገፊያ ልብስ አወለቅሁና አጥፌ በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፌስታሉ ጠባብ ስለነበር አንዱ ፊት ከላይ ብቅ ብሎ ያያል። አጠገቤ የነበረችው ሴት ደብረ ወርቅ ሳንደርስ አይታው ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ ጠጋ ብላ ለፌስታሉ ቦታ ለቀቀች። ከኋላ ያሉት ሦስት ሆነው በሁለት ወንበር ተጣበው ሳለ እኔና ፌስታሉ ሰፋ ብለን ሄድን። ረዳቱም እንደ ሌላው ዕቃ ጣሪያ ላይ ይውጣ አላለም። በዚህ መንገድ እንደዚያ ተመችቶኝ ተጉዤ አላውቅም።

መሪጌታን ቤታቸው አገኘኋቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ልብሱን ፈትቼ ስዘረጋው ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ፣ መሪጌታ» አልኩ። «ልነግርዎት የመጣሁት ይህንኑ ነው። አበባ ነው።»

«ምኑ?»

«ይሄ። የሱፍ አበባ ነው። ፍሬው ሳያልቅ መብራት ሄዶብኝ ነው።»

አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ እኔን አዩ። «መብራት ሲሄድ አበባ መልአክ ይሆናል?» አሉ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ጥያቄ ነው የጠየቁት። መርፌና ጥቁር ክር ከኪሴ አወጣሁ። መደቡ ጥግ ቁጭ አልኩና በእጄ ፍሬ መጨመር ጀመርኩ። አንዱን ግንባሩ ላይ። አንዱን ጉንጩ ላይ። ሦስተኛውን አገጩ ላይ። እያንዳንዱ ፍሬ ሲገባ ፊቱ እየራቀ፣ አበባው እየቀረበ መጣ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው ያያሉ። አራተኛውን ልወጋ ስል እጄን ያዙኝ።

«በቃ። ተው።»

«አበባነቱ ታየዎት?»

«ታየኝ። ተው ያልኩህ ስለታየኝ ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም መርፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ሁለቱ ሽማግሌዎች የተሳለሙት እኔን አይተው ነው» አሉ። «እነሱ ለሠፈሩ ነግረዋል። ሰበካው ሰምቷል። ባለቤቴ ቢቸና ሄጄ ካልተሳለምኩ ብላ ስንቅ ልታሰናዳ ነው። አሁን አበባ ነው ብዬ ልንገራት?»

«አላልኩም።»

«ልጅቱ ምንኩስና አላሰበችም?»

«በጭራሽ። ልጃችሁን ትወደዋለች።»

«አንተስ? ትሰጣለህ?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው አያ አላምረውን ነው። ጨርቁን እያየሁ «እሰጣለሁ» አልኩ። «ግን እሷ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔና ልብስ የለበሰ በርሜል ነን። ይከብደኛል። ይህን ሁሉ አበባም የሠራሁት እጄ ሥራ ሲያጣ ስለማስብ ነው።»

መሪጌታ ሳቁ፤ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ልጅ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። «ያን ቀን ይህን ብትል ኖሮ» አሉ «እኔም የምለው አጥቼ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር።»

ከዚያ ተስማማን። እሳቸው ነገሩን ያስተካክላሉ፤ የልጅቱን ሐሳብ ወንድሟ ራሱ መጥቶ አስረድቶኛል፣ ምንኩስናው የእኔ ግምት ነበር ይላሉ። ይህ እውነት ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ አንድ ፍሬ አልጨምርም። የጨመርኳቸውን ሦስቱን እዚያው እፊታቸው ተርትሬ አወጣሁ። ዓይኖቹ ተመልሰው ሲያዩን መሪጌታ «አሁን ይሻላል» አሉ፣ እኔን ይሁን መልአኩን አላወቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ከእማማ ዘርፌ የተዋስኳቸው፣ ምንም ያላለበስኳቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረው ጠበቋቸው። ሳይለመኑ ተቀመጡ። አያ አላምረው ይህን ሲያዩ ጉልበታቸው የዳነ ያህል ፊታቸው በራ፤ ያሸነፉ መስሏቸው እሺ ለማለት እንኳ ዘመድ እንማከር ሳይሉ ቀሩ። ወጥ ተበላ፣ ጠላ ተጠጣ። መሪጌታ ሲወጡ ሶፋው አጠገብ ቆም አሉ፤ ሁሉም ስለሚያያቸው ጎንበስ ብለው ተሳለሙ፣ ቀና ሲሉ እኔን በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱኝ።

ሠርጉ ሆነ። እመቤት ወደ ሞጣ ሄደች፣ እዚያው ትምህርት ቤት ተዛወረች። የሸሚዝ ቁልፎቿን ሣጥን ትታልኝ ነው የሄደችው፤ የሚወልቅ አይጠፋም፣ ሲወልቅ አመጣለሁ ብላ።

ሶፋው ግን በዚያው ቀረ። ወሬው ቢቸና ውስጥ ገብቶ እማማ ዘርፌ ጠዋት ጠዋት ብቅ እያሉ ይሳለማሉ፤ ባልደረቦቼ ቢመጡም ይቆማሉ። ሰው እያየኝ እላዩ ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ቆይቶ ደግሞ ሰው ሳያየኝም አልሆን አለኝ። አንዱን በርጩማ ልብሱን ገፍፌ እሱ ላይ እቀመጣለሁ። ማታ ማታ ዜና የማየው በርጩማ ላይ ሆኜ ነው፤ እነሱ ሶፋው ላይ ሆነው ያያሉ። ዝም ስል ዝም ይላሉ። የጥልፍ መኪናዋን ከዚያ ወዲህ ብዙም አልነካኋት፤ የምታለብሰው ዕቃ አልቆባት ይሁን እኔ ሰንፌ አላወቅሁም።

ባለፈው ሰሞን እመቤት ከሞጣ መጣች። እማማ ዘርፌ ገብተው ቆመው ነበር፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ። እመቤት በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ወረወረች፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ትልቁ ሶፋ መሃል፣ ትልቁ ፊት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች።

እማማ ዘርፌ አፋቸውን ያዙ። «ኧረ ልጄ፣ መላእክቱ ላይ።»

እመቤት አየችኝ። ሳቅ አፏ ድረስ መጥቶባት ነበር፤ ለእሷ ከመጀመሪያውም አበባ ነው። ግን አልተናገረችም፣ እኔ እንደማልወድ ታውቃለች። ከቦርሳዋ ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እኔን ያውቁኛል፣ እማማ» አለች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። «ጋሼ፣ ና።»

መርፌና ክር ይዤ ተነሣሁና ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፋዬ ላይ ተቀመጥኩ።